ከበሬው ሽያጭ በፊት፦ ቤተሰብ ይዞ ለሥራ ውጭ አገር መሄድን እንዴት እንመዝን?

ታላቅ ወንድሜ ደምበጫ ነው የሚኖረው። አንድ ሰሞን ሁለት በሬዎቹን ገበያ ሊያወጣ ተነሣ። ሳውዲ የሾፌርነት ሥራ ተገኝቶለታል። ደላላው «ሚስትህንና ሦስቱን ልጆችህን ይዘህ ነው የምትገባው» ብሎታል። ቤቱ ሠርግ ሠርግ ይሸታል። ሚስቱ ብቻ ቡናዋን እየቀዳች ዝም ብላለች። በረካው ላይ ስንደርስ ወደ እኔ ዞር አለችና «ወንድምዓለም፣ እስቲ ይችን ወረቀት የሚያነብ ሰው ፈልግልን» አለችኝ።

ወረቀቱ በዓረብኛ ነው። ጂዳ 9 ዓመት ኖራ የተመለሰች ጎረቤት አለችን፣ ጠራናት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች አነበበች። የሙያው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ሳኢቅ ኻስ ነው የሚለው» አለች። የቤት ሾፌር ማለት ነው። በዚህ ቪዛ ሚስትና ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም። በሬዎቹ ያን ቀን ከበረት አልወጡም።

ወንድሜ ሞኝ አይደለም። ሁላችንም ግን መሄጃውን ብቻ ስናሰላ ነበር የሰነበትነው። ከዚያ ወዲህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው፦ መመለሻውን አስሉ። ብቻውን የሄደ ሰው ቢወድቅ ቤቱ ይቀበለዋል። ቤቱን ነቅሎ የሄደ ሲወድቅስ ማን ይቀበለዋል?

1. ቪዛው ቤተሰብ ያስገባል ወይ?

«ቪዛ አለ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የምን ቪዛ? በምን ሙያ? በማን ስም? ውሉን ቋንቋውን በሚያውቅና ከጉዳዩ ጥቅም በሌለው ሰው አስነብቡ። ደላላው ራሱ ያመጣው አስተርጓሚ አይቆጠርም።

ሳውዲ ውስጥ ቤተሰብ ማስገባት በሙያው ዓይነት ይወሰናል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ደመወዝ ይታያል፤ 4,000 ድርሃም፣ ወይም ቤት ከተሰጠ 3,000 ድርሃም ያላነሰ ይጠየቃል። ወደ እንግሊዝ በተንከባካቢነት ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 11 ቀን 2024 ጀምሮ ባልም ሚስትም ልጅም ይዘው መግባት አይችሉም። በጁላይ 2025 ለዚሁ ሥራ ከውጭ አገር አዲስ ሠራተኛ መቅጠሩም ቀርቷል። እንዲህ ያለው ሕግ በየዓመቱ ይቀያየራል። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ግን የዛሬ ሦስት ዓመቱን እያዞረ ይለጥፋል።

ሌላው ከፋላ የሚባለው አሠራር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው። የአባትየው ሥራ ከተቋረጠ የሚስቱም የልጆቹም ኢቃማ አብሮ ይናጋል። አንድ ሰው ከአሠሪው ጋር ተጣላ ብሎ አምስት ሰው ሻንጣ ይሸክፋል።

2. ደመወዙን በብር አትቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ የውጭ ደመወዝ በብር ሲመነዘር ዓይን ያጥበረብራል። ሒሳቡ ትክክል የሚሆነው ግን ገንዘቡ እዚህ ሲበላ ነው። አንዱ ሄዶ ቤተሰቡ ደምበጫ ከቆየ፣ በሪያል ተገኝቶ በብር ይወጣል። ቤተሰቡ አብሮ ከሄደ ግን ዳቦውም ኪራዩም በሪያል ነው። የምንዛሪው በረከት በር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የልጆች ደብተር አንሡና ሁሉንም በዚያው አገር ገንዘብ ጻፉ። ለምሳሌ ሳውዲ ውስጥ የውጭ አገር ሠራተኛ አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል በወር 400 ሪያል ለመንግሥት ይከፈላል። ሚስትና ሦስት ልጅ ማለት በወር 1,600፣ በዓመት 19,200 ሪያል ነው። ገና ኪራይ አልተነሣም። ትምህርት ቤት አልተነሣም። ሕክምናም አልተነሣም። እነዚህን ሁሉ ከደመወዙ ቀንሱ። የሚተርፈውን ያን ጊዜ ብቻ ወደ ብር መልሱት። ያ ቁጥር እዚህ ከምታገኙት ጋር ይነጻጸር።

ወንድሜ ይህን ሲሠራ እስክሪብቶውን ጥሎ ውጭ ወጣ። ተመልሶ ሲገባ «ለካ ለኪራይ ነው የምሄደው» አለ።

3. ማን ምን ይከፍላል?

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የኢንሹራንሱን ወጪ የሚችለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው ፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውንና የመሳሰሉትን ይከፍላል። «የቪዛ» ተብሎ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ እዚያው ላይ ቁሙ። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሩ። ይህ ሁሉ ግን ስለ ሠራተኛው ነው። የሚስትና የልጅ ትኬት በውሉ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ ከኪሳችሁ ነው።

4. ወረቀት አሁኑኑ

በተክሊል ማግባታችሁን አገር ያውቃል፣ ኤምባሲ ግን አያውቅም። ጋብቻውም የልጆቹ ልደትም በወሳኝ ኩነት መመዝገብ አለበት። የአባትና የአያት ስም በፓስፖርቱም በልደት ወረቀቱም በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ተመልከቱ። የወንድሜ የመሐል ልጅ በእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ የአባቷ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ የሌላ ሰው ልጅ መስላ ነበር። ለማስተካከል ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል።

5. መመለሻ ጎጆ ይኑር

ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ተባረው ገብተዋል። ብዙዎቹ ሻንጣ እንኳ አልያዙም። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አጋሰስ፣ ቢለጉሙት ፈረስ» እንላለን። ጥያቄው ሲመለስ ምን ያገኛል የሚለው ነው።

የእርሻ መሬት አይሸጥም፣ ሕጉም አይፈቅድም። ጦሙን እንዲያድርም አታድርጉ። ለዘመድም ቢሆን በእኩል ስትሰጡ በጽሑፍ ተዋዋሉና በመሬት አስተዳደር አስመዝግቡ። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ስላለ ሁለታችሁም ፈርሙ። ከተማ ውስጥ ቤት ካላችሁ የምትሰጡት ውክልና ለማከራየትና ኪራይ ለመቀበል ብቻ ይሁን። ጸሐፊዎች በልማድ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» ብለው ይጨምራሉ። አስሰርዙት። ወንድም ቢሆንም አስሰርዙት፣ እኔም ወንድም ነኝ።

በሬዎቹን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ አይሸጡም። ሰኔ ላይ ተመልሶ የመጣ ሰው በሬ ከሌለው እስከሚቀጥለው ዓመት እጁን አጣጥፎ ነው የሚቀመጠው። እድሩንም አታቋርጡ፤ መዋጮውን የሚከፍልላችሁ ሰው መድቡ።

6. የመቅረቱንም አደጋ ጻፉ

ይህን የማይጽፍ ሰው ራሱን እያታለለ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ ጎጃም ውስጥ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ሲከርም አይተናል። ልጁ ሁለት ዓመት ክፍል ያልገባበት ወላጅ «እዚሁ ይሻላል» ቢሉት አይሰማም፣ አልፈርድበትም። መቅረትም ዋጋ አለው። በደብተሩ ሌላ ገጽ ላይ ይስፈር፣ ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ይታዩ።

7. አንዱ ይቅደም

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ሠራተኛው ብቻውን ይሂድና 6 ወር ይሥራ። ደመወዙ በቀኑ ይገባል ወይ? ፓስፖርቱ በእጁ ነው ወይ? ቤት ኪራይ በእርግጥ ስንት ነው? ይህን የሚነግራችሁ ሄዶ ያየ ሰው እንጂ ደላላ አይደለም። በዚህ መሐል የሁሉም መመለሻ ትኬትና የስድስት ወር ቀለብ የሚሆን ገንዘብ በማይነካ ሒሳብ ይቀመጥ። «ይህ ከሆነ እንመለሳለን» የሚለውንም ሳይከፋችሁ በፊት ወስኑ። ከተከፋ በኋላ ሰው እልህ ይይዘዋል።

ወንድሜ በመጨረሻ ሄደ፣ በሌላ ውል፣ ለድርጅት ሾፌርነት፣ ብቻውን። በሬዎቹን ጎረቤት ያርስባቸዋል። ሚስቱ ደብተሩን ራስጌዋ አኑራዋለች። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በራሷ እጅ «ደመወዝ ሁለት ወር ካለፈ መመለስ» ብላ ጽፋለች። ከሥሩ ገንዘቡ የገባበትን ቀን ትመዘግባለች። እስካሁን አራት መስመር ሞልቷል፤ ሦስተኛው ላይ «11 ቀን ዘገየ» ይላል።