ከካሜራ ጀርባ፦ በስፖርት ቀጥታ ስርጭት መሥራት የሚፈልግ ተማሪ ከየት ይጀምር?

የስፖርት ስርጭት ሲነሳ የብዙ ተማሪ ሐሳብ የሚሄደው ወደ ጨዋታ አስተላላፊው ወንበር ነው። ሆኖም በአንድ ትልቅ የእግር ኳስ ጨዋታ ድምፃቸው ከሚሰማው ሁለትና ሦስት ሰዎች ጀርባ በአሥሮች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ስለሚሠሩ፣ የሥራ ዕድሉም የሚበዛው በዚያው በማይታየው ወገን ነው። የመጀመሪያው ተግባር ታዲያ ደብዛዛውን ምኞት ወደ አንድ የተወሰነ ሙያ ማጥበብ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ስርጭቱ ምን እንደሚያሳይና በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድ ይወስናል፤ ዳይሬክተሩ ከካሜራዎቹ ምስሎች መካከል በየቅጽበቱ አንዱን ይመርጣል። ከእነርሱ ሌላ የካሜራ፣ የድምፅ፣ የግራፊክስ፣ የድጋሚ ምስልና የኢንጂነሪንግ ባለሙያዎች አሉ።

የትኛው እንደሚስማማ ለመለየት ጨዋታን በሠራተኛ ዓይን መመልከት ይረዳል። ድምፁን ዘግቶ ለ10 ደቂቃ ያህል እያንዳንዱን የምስል ለውጥ የሚመዘግብ ተማሪ፣ ሰፊው ምስል ከሜዳው አጋማሽ ትይዩ ከፍ ብሎ ከተተከለው ዋና ካሜራ እንደሚመጣ፣ ኳስ ከሜዳ ስትወጣ የቅርብ ምስል እንደሚገባ፣ ዋና ዋናዎቹ ካሜራዎችም በሜዳው አንድ ወገን እንደተደረደሩ ያስተውላል። ምስሉ በድንገት ወደ ሌላው ወገን ቢሻገር ወደ ቀኝ ሲያጠቃ የነበረው ቡድን ወደ ግራ የሚያጠቃ ስለሚመስል፣ ከተቃራኒው ወገን የተቀረጸው ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በድጋሚ ብቻ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ድምፁን ብቻ መከታተል ይገባል። በሜዳው ዙሪያ በርካታ ማይክሮፎኖች ይተከላሉ፤ የድምፅ ባለሙያው ኳሷን በዓይኑ እየተከተለ የቀረባትን ማይክሮፎን ከፍ፣ የራቋትን ዝቅ ያደርጋል። ሁሉም እኩል ቢከፈቱ የምቱ ድምፅ በደጋፊዎች ጩኸት ይዋጥ ነበር። በእኔ ግምት ከሁሉም ሙያዎች ምስጋና የሚነፈገው ይህ ነው።

ስፖርቱን ጠልቆ ለሚያውቅ ተማሪ ግን በቅድሚያ የምመክረው የድጋሚ ምስል ሥራን ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1963 ዳይሬክተር ቶኒ ቬርና በአሜሪካ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል ተቋማት የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ላይ አንድን ነጥብ ወዲያውኑ መልሶ ካሳየበት ቀን ነው። ነገሩ እንግዳ ስለነበረ ቡድኑ ዳግመኛ ነጥብ እንዳላስቆጠረ አስተላላፊው ለተመልካቹ ማስረዳት ነበረበት። ዛሬ ባለሙያው የበርካታ ካሜራዎችን ምስል ያለማቋረጥ በሚቀዳ ሰርቨር ፊት ተቀምጦ የድርጊቱን መነሻ ምልክት ያደርግና ጨዋታው ገና ሳይቆም ምስሉ ዝግጁ መሆኑን ሠራተኞቹ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት የድምፅ መስመር (ኢንተርኮም) ያሳውቃል። ቁልፎቹን መልመድ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቻላል፤ አስቸጋሪው ጥፋቱ ከየት እንደተነሳና የትኛው ማዕዘን እንደሚያሳየው አስቀድሞ መገመት ነው። ወደዚህ ወንበር ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ የጨዋታውን ክስተቶች ከነሰዓታቸው የሚመዘግብ ረዳት ሆኖ መጀመር ነው።

የትምህርት ምርጫው እንደ ሙያው ይለያያል። ለፕሮዲዩሰርነት ጋዜጠኝነት ወይም የሚዲያ ጥናት ይረዳል። በኢንጂነሪንግ በኩል ግን የኮምፒውተር ኔትወርክ እውቀት ከምንጊዜውም በላይ ተፈላጊ ሆኗል፤ ምክንያቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ መውጣት የጀመሩት የሙያው መለኪያዎች ምስልና ድምፅ በየራሳቸው ፍሰት በኔትወርክ እንዲተላለፉ ስለሚደነግጉ፣ ቀድሞ በኬብል ይሠራ የነበረው ብዙ ነገር ወደዚያ እየዞረ ነው።

ልምምዱ ግን ምረቃን መጠበቅ የለበትም። ሁለት ካሜራ ወይም ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና እንደ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ያለ ምስሎችን እያቀያየረ የሚያሰራጭ ነፃ ሶፍትዌር ካሉ የትምህርት ቤትን ውድድር ማስተላለፍ ይቻላል። አንዱ ካሜራ በሜዳው አጋማሽ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ሌላው ቅርብ ምስል ይያዝ፤ ጓደኛሞቹም በየጨዋታው ኃላፊነት ይለዋወጡ። በመገናኛ መስመሩ ላይ አጭር ቃል ብቻ መናገርንና ዳይሬክተሩ ሲያዝ ዝም ማለትን ከመጀመሪያው መልመድ ያስፈልጋል፤ ወሬ የሚያበዛ ጀማሪ ሁለተኛ አይጠራምና።

ሥራው ሌሎች በሚያርፉባቸው ቀናት የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም በየውድድሩ በሚታደስ ውል የሚከናወን መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ቡድኑ ጨዋታው ከመጀመሩ ከብዙ ሰዓታት በፊት መሣሪያ ይዘረጋል፤ ተመልካቹ ከሄደም በኋላ ይሰበስባል። ካሜራው በስታዲየም፣ ዳይሬክተሩ በሌላ ከተማ ሆነው የሚሠሩበት የርቀት አሠራር ጉዞን ቢቀንስም፣ ጀማሪው ከአንጋፋዎቹ ጎን ቆሞ የሚማርበትን ዕድል ያጠብባል የሚል ስጋት አለኝ።

ለአሠሪ ሲጻፍ «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ማለት አይረዳም። የሚፈለገውን ወንበር በስሙ መጥራት፣ ነፃ የሚሆኑባቸውን ቀናት መግለጽ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ያልተቆራረጠ የራስን ስርጭት ማያያዝና በመቆጣጠሪያ ክፍል ጥግ በዝምታ ተቀምጦ አንድ ጨዋታ ለማየት ፈቃድ መጠየቅ ይበቃል።