በጨረር ቀበቶ ውስጥ ያሉ ሞገዶችን ከድሬዳዋ ሆኖ እንዴት ማስላትና ማዳመጥ ይቻላል

የኢትዮሳት ቻናሎችን ለመቀበል በድሬዳዋ ጣሪያዎች ላይ የተተከለ ዲሽ የሚያነጣጥረው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለ ሳተላይት ነው። ይህ ሳተላይት የሚገኘው ጄምስ ቫን አለንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 በኤክስፕሎረር 1ና በተከታዮቹ የአሜሪካ መንኮራኩሮች አማካይነት ሕልውናቸውን ካረጋገጧቸው የጨረር ቀበቶዎች፣ ማለትም በምድር መግነጢሳዊ መስክ የታሰሩ ፈጣን ቅንጣቶች ከሞሉባቸው ክልሎች፣ በውጫዊው ውስጥ ነው። በዚያ ቀበቶ የታሰሩትን ኤሌክትሮኖች የሚያፈጥኑትም ሆነ የሚያባርሩት በአብዛኛው የፕላዝማ ሞገዶች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በተሞሉ ቅንጣቶች መካከል የሚጓዙ ሞገዶች ናቸው። ሥራቸውን ለመረዳት ወረቀት፣ የሂሳብ ማሽንና አንድ ላፕቶፕ ይበቃሉ።

መጀመሪያ በሳተላይቱ ቦታ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ያስሉ። ሳተላይቱ ከምድር መሃል 42,164 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ይህንን ለምድር ራዲየስ፣ ማለትም ለ6,371 ሲያካፍሉት 6.6 ያገኛሉ። መስኩ በርቀት ኩብ ልክ ስለሚቀንስ፣ በመሬት ገጽ፣ በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ላይ በግምት 31,000 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) የሆነውን መነሻ ለ6.6 ኩብ፣ ማለትም ለ287 ያካፍሉ። ውጤቱ 108 ናኖቴስላ ይሆናል። ኤሌክትሮን በእያንዳንዱ ናኖቴስላ በሰከንድ 28 ጊዜ በመስኩ መስመር ዙሪያ ስለሚሽከረከር፣ 108ን በ28 ሲያባዙ 3,000 ኸርዝ (በሰከንድ 3,000 ጊዜ) ገደማ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ቀጥሎ የሞገዱን ክልል ይወስኑ። ኮረስ የሚባለው ሞገድ የሚታየው ከዚህ ድግግሞሽ ከአንድ አሥረኛው እስከ ስምንት አሥረኛው ባለው ክልል ሲሆን፣ በግማሹ ላይ ብዙ ጊዜ ባዶ መስመር ይተዋል። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ከ300 እስከ 2,400 ኸርዝ ይሆናል፤ ባዶው መስመርም 1,500 አካባቢ ይወድቃል። የሰው ጆሮ በምቾት የሚሰማው ክልል ነው፤ ሆኖም ሞገዱ ኤሌክትሮመግነጢሳዊ እንጂ የአየር ድምፅ ስላልሆነ ወደ ድምፅ መለወጥ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚወዛወዝ ሞገድ በሰከንድ 3,000 ጊዜ የሚሽከረከርን ኤሌክትሮን እንዴት ሊይዘው ይችላል? ኤሌክትሮኑ ሞገዱን ፊት ለፊት እየገጠመ ሲሮጥ፣ በመስኩ መስመር ላይ በሚጓዝበት ፍጥነት ምክንያት የሞገዱ ድግግሞሽ ለእርሱ ከፍ ብሎ ይታየዋል። የሚያየው ድግግሞሽ ከራሱ ሽክርክሪት ጋር ሲገጥም፣ የሞገዱ ኤሌክትሪክ መስክ በየዙሩ ያንኑ አቅጣጫ ይዞ ይገፋዋል፤ ትንንሾቹ ግፊቶችም ይደማመራሉ። ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ኤሌክትሮኑ ከመስኩ መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ይለወጣል፤ በዲሹ ሳተላይት ርቀት ላይ ማዕዘኑ ከ3 ዲግሪ በታች ከወረደ ኤሌክትሮኑ ወደ ምድር ከባቢ አየር ወርዶ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በመቶ ሺዎች ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ) የነበረው ኤሌክትሮን ጉልበት እያከማቸ ወደ ሚሊዮኖች ሊደርስ ይችላል። አንዱ ሞገድ ማጥፊያም ማፍጠኛም መሆኑ፣ በእኔ እምነት፣ የዚህ ሳይንስ እጅግ ማራኪው ክፍል ነው። የፈጠኑት ኤሌክትሮኖች የሳተላይትን ግድግዳ አልፈው በውስጥ ክፍሎች ላይ የኤሌክትሪክ ሙላት ያከማቻሉ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1994 አኒክ ኢ1 እና አኒክ ኢ2 የተባሉት የካናዳ ሳተላይቶች የተበላሹት በዚሁ ዓይነት ክምችት ነው።

ሰዓቱንም ማስላት ይቻላል። ኤሌክትሮኖች ከምድር የሌሊት ወገን ገብተው ወደ ምሥራቅ ስለሚንሳፈፉ፣ ኮረስ የሚበረታው ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ድረስ ነው። ሳተላይቱ የእኛ ሰዓት ከተመሠረተበት ከ45 ዲግሪ ኬንትሮስ 12 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ስለሚገኝ በ48 ደቂቃ ይቀድመናል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ12 አንስቶ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ከ12 ማለት ነው።

ከድሬዳዋ ሜዳ ላይ ኮረስን በቀጥታ ለመስማት አይሞክሩ። ሞገዱ ወደ መሬት የሚወርደው የመስኩን መስመር ተከትሎ ሲሆን፣ በሳተላይቱ በኩል የሚያልፈው መስመር መሬትን የሚነካው በ67 ዲግሪ መግነጢሳዊ ኬክሮስ አካባቢ ነው፤ ድሬዳዋ ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ናት። እዚህ የሚሰማው የመብረቅ ሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ለጆሮ ልምምድም በጣም ይጠቅማል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ይሥሩ፤ ሞተር ከሚጠቀልሉ ባለሙያዎች የሚገኘውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ 50 ዙር ያህል ይጠምጥሙበት፤ ሁለቱን ጫፎች ከላፕቶፑ የማይክሮፎን መግቢያ ጋር ያገናኙ። ሽቦው በቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ ጫፎቹን እስኪያብረቀርቁ በምላጭ መፋቅ አይርሱ። ላፕቶፑ ከቻርጀር ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ይሥራ፤ ከፍሬሙም ጥቂት ሜትሮች ይራቅ። የመብራት መስመር የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ሁሉን ስለሚሸፍን ከከተማ ወጣ ይበሉ፤ 25 ኪሎቮልት ከሚሸከመው የመልካ ጀብዱ አዲሱ የባቡር መስመርም ይራቁ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከሽቦ የራቀ መስሎ ቢታይዎትም በክረምት አይቀመጡበት፤ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ የሌሊት መሆኑን ድሬዎች አይረሱትም። ነጎድጓድ ሲቀርብም ሥራውን ያቁሙ።

ጨለማ ከገባ በኋላ የቀዱትን በኦዳሲቲ ሶፍትዌር ከፍተው በስፔክትሮግራም፣ ማለትም ድግግሞሹን ከጊዜ ጋር በሚያሳይ ሥዕል ይመልከቱ። ቀጥ ብለው የቆሙት መስመሮች መብረቆች ናቸው፤ ከሩቅ የመጡት ግን እግራቸው ላይ እንደ መንጠቆ ይታጠፋሉ። መንጠቆው 1,700 ኸርዝ ላይ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ የብርሃንን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትርን፣ ለእጥፉ ለ3,400 ያካፍሉ፤ 88 ኪሎ ሜትር የሬዲዮ ሞገድን የሚያንጸባርቀው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ የአዮኖስፌር፣ የዚያች ሌሊት የታችኛው ድንበር ከፍታ ነው።

ይህንን ማንበብ ከለመዱ በኋላ ወደ ኮረስ ይመለሱ። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2019 የሠሩት መንትዮቹ የቫን አለን ሳተላይቶች የቀዱትን ድምፅ ናሳና የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በነፃ አውጥተውታል። ሲነጋ የሚንጫጩ ወፎች የሚመስለው፣ ወደ ላይ የሚያድገው ድምፅ ኮረስ ነው። በስፔክትሮግራሙ ላይ ባዶውን መስመር ይፈልጉ፤ ለምሳሌ 2,240 ኸርዝ ላይ ካገኙት በ2 አባዝተው ለ28 ያካፍሉ። 160 ናኖቴስላ ይወጣል፤ ይህም ሳተላይቶቹ ከሚደርሱበት ሩቅ ጫፍ፣ ከ30,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጋር ይስማማል።

በመጨረሻ ሞገዱ ያስከተለውን ለውጥ ለመከታተል፣ የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም ኖአ በየቀኑ የሚያወጣውን፣ ጎስ የተባሉት የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቹ የሚለኩትን ከ2 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት በላይ የሆኑ ኤሌክትሮኖች መለኪያ ይክፈቱ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው መጠኑ 1,000 ሲያልፍ ነው። ፈጣን የፀሐይ ነፋስ ከደረሰ በኋላ መስመሩ ወዲያው ላይነሳ ይችላል፤ ማፍጠኑ ጊዜ ስለሚወስድ ለሁለትና ሦስት ቀናት ይከታተሉት። መጠኑ በየዕለቱ በሳተላይቱ ቀትር ከፍ፣ በእኩለ ሌሊቱ ዝቅ ስለሚል፣ ቀንን ከቀን ሲያነጻጽሩ ሁልጊዜ ተመሳሳዩን ሰዓት ይውሰዱ።