ከአይስ ሼልፍ ስር ያለውን የውሃ መታመስ በኮምፒውተር እንዴት ሲሙሌት እናድርግ?

አይስ ሼልፍ ማለት ከአንታርክቲካ መሬት ወርዶ ባህር ላይ የተንሳፈፈ፣ ውፍረቱ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር የበረዶ ግግር ነው፣ ከስሩም ፀሀይ የማያገኘው ባህር አለ። ብዙ ሰው ውሃው በሞቀ ቁጥር በረዶው በዛው ልክ ይቀልጣል ብሎ ያስባል፣ ግን ሙቀቱን በረዶው ጋ የሚያደርሰው ነገር ከሌለ ሙቀት መኖሩ ብቻውን ብዙም አይሰራም፣ አድራሹ ደሞ ተርቡለንስ ነው፣ የውሃው መታመስ ማለት ነው። ፊዚክስ ትንሽ የነካካና ኮድ የማይፈራ ሰው ይሄን ራሱ ሰርቶ ማየት ይችላል።

መጀመሪያ ግን ላፕቶፑን ዝጉና ወረቀት ላይ አስሉ። ጨዋማነቱ 34.5 የሆነ (በ1 ኪሎ ውሃ 34.5 ግራም ገደማ ጨው ያለው) ውሃ ከላይ በረዶ የሚሰራው -1.9 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ 500 ሜትር ጥልቀት ላይ ግን ከግፊቱ የተነሳ ወደ -2.3 ይወርዳል፣ ስለዚ -1.3 ዲግሪ የሆነ ውሃ እዛ ታች 1 ዲግሪ ትርፍ ሙቀት ይዟል። ይሄን ትርፍ በፍሰቱ ፍጥነት አባዙት (በሰከንድ 0.05 ሜትር በሉት)፣ ከዛ በ0.00059 (መታመሱ ሙቀቱን ወደ በረዶው ምን ያህል እንደሚያደርስ የሚወክል፣ አንታርክቲካ ካለው ሮን አይስ ሼልፍ ስር ከተወሰደ ልኬት የወጣ፣ በ2010 የታተመ ቁጥር ነው)፣ ከዛ ውሃው በኩቢክ ሜትር በሚይዘው ሙቀት፣ ማለትም በ4.1 ሚሊዮን ጁል በዲግሪ። በካሬ ሜትር 120 ዋት ገደማ ይወጣል፣ 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎጁል ስለሚፈጅ ደሞ በአመት 12 ሜትር አካባቢ ይቀልጣል ማለት ነው። ቁጥሯን ያዟት፣ በኋላ ሲሙሌሽኑ 12 ሺህ ሜትር ካላችሁ ዩኒት ተሳስቷል እንጂ አዲስ ግኝት አይደለም።

ለስራው ኦሽናኒጋንስ የሚባለው የውሃ ፍሰት ሲሙሌት የሚያደርግ ሶፍትዌር ይበቃል፣ ነፃ ነው፣ ጁሊያ በሚባለው የኮድ ቋንቋ ነው የሚፃፈው፣ ጂፒዩ ላይም ይሄዳል። ኤምአይቲጂሲኤም የሚባለው ሌላው ሞዴል ሙሉውን ባህር ከበረዶው ጋር መስራት ይችላል፣ ግን እንደዛ ሲሰራ የግሪዱ አንድ ካሬ ብዙ ጊዜ ኪሎሜትር ስለሚያህል መታመሱ በሙሉ እንደ 0.00059 አይነት ቁጥር ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። እኛ ማየት የምንፈልገው የተደበቀውን ነው፣ ስለዚ ትንሽ ሳጥን እንስራ፣ በአግድም 64 በ64 ሜትር፣ ወደታች 50 ሜትር፣ የእያንዳንዱ ሴል ጎን 0.5 ሜትር። ወደ 1.6 ሚሊዮን ሴል ነው፣ የነፃው ኮላብ (ጉግል ኦንላይን የሚሰጠው ኮድ ማስኬጃ) ጂፒዩ ሚሞሪ ይችለዋል፣ ብቻ ኮላብ ሳይታሰብ ስለሚቆርጥ (መብራትም አለ ያው) ቼክፖይንት ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። ትላልቁን የውሃ አዙሪት ሞዴሉ ራሱ ያሰላል፣ ከሴሉ የሚያንሰውን በግምት ይሞላል።

የውሃውን ክብደት የሚያሰላው ክፍል ላይ ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው የሙቀት ቁጥር (ውሃው በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚቀል የሚናገረው) ለሞቃት ባህር ነው፣ ቀይሩት፣ 0.000037 አድርጉት፣ የጨውን 0.00078። እዛ ቅዝቃዜ ውስጥ የውሃን ክብደት በዋናነት የሚወስነው ጨው ነው፣ ቀልጦ የሚወጣው ውሃ ደሞ ጨው የለውም፣ ቀላል ነው፣ ከበረዶው ስር ተለጥፎ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ይሄ ነገር ካልገባችሁ ውጤቱም አይገባችሁም።

አሁን ከባዱ፣ የላይኛው ወሰን። ሶስት እኩልታ ነው አብሮ የሚፈታው፣ በረዶና ውሃ የሚነካኩበት ቦታ ያለው ሙቀት በዛ ጨዋማነትና ግፊት በረዶ የሚሰራበት ሙቀት ነው፣ ወደ በረዶው የሚሄደው ሙቀት ከሚያቀልጠው ጋር እኩል ነው፣ ጨውም የሚቀጥነው በቀለጠው ልክ ነው። የማስተላለፊያ ቁጥሮቹ ለሙቀት 0.011፣ ለጨው 0.00031 ናቸው፣ የሚባዙትም በፍሪክሽን ፍጥነቱ ነው (ውሃው ከበረዶው ጋር ያለውን ፍትጊያ በፍጥነት መልክ የሚገልፅ ቁጥር)፣ እሱን ከበረዶው ቀጥሎ ካለው ሴል ፍጥነት በሎግ ህግ አውጡት፣ ማለትም ፍጥነቱ ከበረዶው በራቀ ቁጥር በሎጋሪዝም ይጨምራል በሚለው። ኦሽናኒጋንስ ላይ ወደላይ የሚሄድ ፍለክስ (በወሰኑ በኩል የሚያልፈው መጠን) ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚ በረዶው ሲቀልጥ የሙቀቱም የጨውም ፍለክስ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። የሙቀቱን ከገለበጣችሁት በረዶው ባህሩን የሚያሞቅ ሞዴል ይኖራችኋል፣ ኤረር ደሞ አይልም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ላቲቲዩዱን -75 ካደረጋችሁ ፍሰቱን የሚገፋ ቋሚ ሀይል አብራችሁ ስጡት፣ አለበለዚያ ውሃው ከምድር መዞር የተነሳ በየ12.4 ሰአቱ ዝም ብሎ ይዞራል። የሚገርመው ዋናው የጨረቃ ማዕበልም (ታይድ) ዙሩ 12.42 ሰአት ነው፣ ሁለቱ እዛ ይገጥማሉ፣ ስለዚ ማዕበል መጨመር ያማራችሁ ለሁለተኛ ዙር አቆዩት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ራንደም ኖይዝ ጨምሩ፣ ያለሱ መታመስ አይጀምርም። ቢያንስ የጥቂት ቀናት የሞዴል ጊዜ ራን አድርጉና የመጀመሪያውን የ12.4 ሰአት ዙር ጣሉት።

ከዛ ፍጥነቱን ወደ 1 ሳንቲሜትር አውርዱት። የወረቀቱ ስሌት 2.5 ሜትር ገደማ ይላችኋል፣ ሲሙሌሽኑ ግን ከዛ ሲያንስ ማየት አለባችሁ፣ የቀለጠው ውሃ መታመሱን ስላፈነው ነው። ትዌይትስ ከሚባለው የአንታርክቲካ የበረዶ ግግር ስር በ2020 በተቆፈረ ጉድጓድ ተለክቶ በ2023 የወጣውም ይሄው ነው፣ ውሃው ሞቃት ሆኖ ሳለ ቅልጠቱ በአመት ከ2 እስከ 5.4 ሜትር ብቻ ነበር፣ ፍሰቱ ደካማ፣ ውሃው የተደራረበ ስለሆነ።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት ሴሉን 0.25 ሜትር አድርጋችሁ ድገሙት። ስሌቱ 16 እጥፍ ገደማ ስለሚበዛ ሳጥኑን በአግድም ወደ 32 በ32 አሳንሱት፣ የቅልጠቱ ቁጥር በጣም ከተቀየረ የመጀመሪያው ግሪድ አልበቃም ማለት ነው።