ንቦች ማሳችሁን እንዲቀስሙ እንዴት ይደረጋል?

ማሳ ዳር ቀፎ ካለ ንቦቹ ያንኑ ሰብል የሚቀስሙ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ንብ ግን የማንንም ወሰን አታውቅም። የአበባው ወለላ፣ ማለትም ጣፋጩ ፈሳሽ፣ ወደ በዛበትና ወደ ጣፈጠበት ትሄዳለች። ያ ደግሞ የጎረቤት ማሳ ወይም የወንዝ ዳር አረም ሊሆን ይችላል። ቀፎው መቼ ይምጣ፣ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ክብደት የሚኖረው ለዚህ ነው።

እዚህ በዋናነት ኑግን ይዤ እሄዳለሁ። ከመስቀል በኋላ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ ለንብም ለገበሬም ከኑግ የሚበልጥ ሰብል ብዙ የለም።

1. ሰብሉ ንብ ይፈልግ እንደሆነ እወቁ

ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ራሳቸውን ያዳቅላሉ፤ ፍሬ የሚያስይዛቸው የገዛ አበባቸው ብናኝ (የአበባ ዱቄት) ነው። በቆሎን የሚያዳቅለው ነፋስ ነው፤ ንብ ብናኙን ለቅማ ትሄዳለች እንጂ የምትጨምርለት ነገር የለም። ቲማቲምንም የማር ንብ ብዙ አትጠቅመውም። ብናኙ የሚራገፈው አበባው ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሻሉት እንጨት ሰርስረው የሚኖሩት ትልልቅ ጥቁር ንቦች ናቸው።

ኑግ ሌላ ነው። አንድ የኑግ ተክል በገዛ ብናኙ ፍሬ አይዝም ማለት ይቻላል፤ ብናኙ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት። አንድ አበባ ብለን የምናየው ቢጫ ነገር በውስጡ በአሥሮች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች አሉት። ከዳር ወደ መሀል ተራ በተራ ይከፈታሉ። የሚያዳቅላቸው ካላገኙ ፍሬው ገለባ ሆኖ ይቀራል። አበባው ሞልቶ ዘሩ ያነሰ የኑግ ማሳ ሳይ መጀመሪያ የምጠረጥረው የንብ እጥረትን ነው።

ባቄላ መካከል ላይ ነው። ራሱንም ያዳቅላል፣ ንብ ስትጎበኘው ደግሞ በደንብ ይይዛል።

2. መንጋውን ቀድማችሁ አጠንክሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚዘገየው። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ንብ ሆና እስክትወጣ 21 ቀን ይፈጃል። ከዚያም ወደ አበባ የምትሰማራው በአብዛኛው ከ3 ሳምንት ገደማ የቀፎ ውስጥ ሥራ በኋላ ነው። ድምሩ 6 ሳምንት መሆኑ ነው። ኑጉ በመስከረም መጨረሻ የሚያብብ ከሆነ ያን ጊዜ የምትቀስመው ንብ በነሐሴ አጋማሽና መጨረሻ የተጣለች እንቁላል ነች። በዚያ ወቅት ደግሞ ዝናብ ነው፤ ቀፎው ይራባል። ስለዚህ የስኳር ውሃ፣ ከተገኘም የሽሮ ወይም የበሶ ዱቄት ስጡ። አበባ ካየ በኋላ ንቡን መመገብ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል።

ቀፎው ውስጥ ብዙ እጭ መኖሩንም እዩ። ወለላ ለጉልበት ነው፤ ብናኝ ለእጭ ምግብ ነው። እጭ የበዛበት ቀፎ ብዙ ብናኝ ለቃሚ ይልካል። ሰብሉን በደንብ የሚያዳቅሉትም እነሱ ናቸው።

3. አበባው ሲጀምር አምጡ፣ ቀድማችሁ አይደለም

ከ100 አበባ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ሲከፈት ጥሩ ጊዜ ነው። ምክንያቱም አንዲት ንብ በአንድ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አበባ ብቻ ነው የምትቀስመው። ያንን ከለመደች ቶሎ አትተወውም። ቀፎው ኑጉ ሳይፈነዳ ከመጣ ዐደይ አበባውን ወይም መች የሚባለውን አረም ትለምድና እዚያው ትቀራለች። ቤት ተመልሳም ጓደኞቿን ትጠራለች። ቀፎው ውስጥ የማር እንጀራው ላይ እየተወዛወዘች ስትጨፍር የጭፈራዋ አቅጣጫ አበባው ከፀሐይ አንጻር የት እንዳለ፣ የውዝዋዜው ርዝመት ደግሞ ርቀቱን ይናገራል። ይህን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

ይህ ማለት ግን መቹንና ዐደይ አበባውን ከየድንበሩ ንቀሉ ማለት አይደለም። ኑጉ ሲያልቅ ንቡ ምን ይበላል?

4. ማጓጓዝ

ቀፎው አሁን ካለበት አዲሱ ቦታ ቢያንስ 3 ኪሎ ሜትር ይራቅ። ከዚያ ካነሰ ለቃሚዎቹ የሚያውቁት መንገድ ላይ ይገቡና ወደ ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ። የምታጓጉዙት ሁሉም ከገቡ በኋላ፣ በምሽት ነው። አፉን አየር በሚያስገባ ወንፊት ዝጉት፤ ታፍነው ያልቃሉና በጭቃ አትድፈኑት።

5. አቀማመጥ

ንብ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች። ቢሆንም ቅርብ ካገኘች ሩቅ አትሄድም። ለአንድ ሄክታር ኑግ ከ3 እስከ 5 ጠንካራ ቀፎ ጥሩ መነሻ ነው። ማሳው ሰፊ ከሆነ ሁሉንም አንድ ጥግ ላይ አትከምሩ፤ በሁለት በሦስት ቦታ በትኗቸው። አፋቸው ወደ ጠዋት ፀሐይ ይዙር። ንብ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እምብዛም አትወጣም፤ በደጋ ጠዋት ላይ ቶሎ የሚሞቅ ቀፎ ቶሎ ሥራ ይጀምራል። ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ እግሩ ዙሪያ አመድ ነስንሱ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ። የእኛ ንብ ቁጡ ስለሆነች ከመንገድ፣ ከልጆችና ከታሰረ ከብት ይራቅ። በተለይ የታሰረ አህያ አጠገብ አታስቀምጡ፤ የሚሸሽበት የለውም።

ውሃ ቅርብ ከሌለ ገበቴ ላይ ጠጠርና ጭራሮ አድርጋችሁ ሙሉላቸው፤ እንዳይሰምጡ።

6. እየሠሩ መሆኑን አረጋግጡ

ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ቀፎው አጠገብ በጎን ቁሙ። የሚገቡትን ንቦች የኋላ እግር እዩ። የኑግ ብናኝ ቢጫ ወደ ብርቱካንማ የሚሄድ ነው፤ የባቄላ ግራጫ ነገር ነው። ሌላ ቀለም ከበዛ ሌላ ቦታ እየሠሩ ነው። ከዚያ ማሳው ውስጥ ግቡ፤ ዳሩ ላይ ንብ ሞልቶ መሀሉ ባዶ ከሆነ የቀፎዎቹን ቦታ አስተካክሉ።

ባቄላን ከሰዓት በኋላ ብታዩት ይሻላል፤ አበባው በብዛት የሚከፈተው ያኔ ነው። አንዳንዴ ንቧ ከፊት መግባት ትታ ከአበባው ሥር በሌላ ነፍሳት በተበሳ ቀዳዳ ወለላውን ትጠጣለች። ይህ ማዳቀል አይደለም፤ ሌብነት ነው። ብናኝ ይዘው የሚወጡትን ብቻ ቁጠሩ።

ሽንኩርት ለዘር የምታመርቱ ደግሞ ትዕግሥት ይኑራችሁ። ወለላው ፖታሲየም ስለሚበዛበት ንብ አትወደውም፤ አጠገቡ የተሻለ ካገኘች ጥላው ትሄዳለች። ቀፎ መጨመር ይረዳል። አቮካዶ ላይ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው፤ አበባው መጀመሪያ ሴት፣ በማግስቱ ወንድ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። ሐስ የሚባለው የአቮካዶ ዝርያ ሴት የሚሆነው ጠዋት ነው፤ ፉዌርቴና ኤቲንገር የሚባሉት ዝርያዎች ከሰዓት። ሁለቱን ዓይነት ቀላቅሎ ካልተከሉ ንብ ብቻዋን ብዙ አታድንም።

7. መድኃኒት የሚረጨውን ሰው ቀድማችሁ አናግሩ

ያበበ ሰብል ላይ ፀረ ተባይ አይረጭ። ግድ ከሆነ ንብ ገብታ ካደረች በኋላ፣ ምሽት ላይ። ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ ደግሞ የንብ ቀለብ የሆነውን አበባማ አረም ይጨርሳል፤ ነፋስ ካለ የእናንተ ኑግም አይተርፍም። ከጎረቤት ጋር የሚረጭበትን ቀን መስማማት ከየትኛውም ዘዴ ይሻላል።

8. ማሩን ቶሎ ቁረጡ

እንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰፈፍ ሲታሸግ ማሩ ደርሷል። የኑግ ማር ቶሎ ይረጋል፤ እንጀራው ውስጥ ከረጋ በመጭመቂያ አይወጣም። ስለዚህ አበባው ማርገፍ ሲጀምር ቀፎውን በየጥቂት ቀኑ ክፈቱ። የታሸገውን አውጡና ለንቦቹም የሚበቃቸውን ተዉላቸው።