ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የእርግዝና መከላከያ) አስገብታችሁ አሜሪካ ለመጣችሁ እህቶች

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስተኛዋ ልጅ ደውላ «ክሩ ጠፋብኝ ምን ልሁን» ስላለችኝ ነው የምጽፈው (ክሩ ማለት ከሉፑ ወደ ብልት ወርዶ በጣት የሚዳሰሰው ነው)፣ ከዚህ በኋላ ለጠየቀችኝ ሁሉ ይሄን ነው የምልከው።

መጀመሪያ ከጤና ጣቢያ የተሰጠቻችሁን ካርድ አውጧት። ሉፑ የገባበት ቀን በኛ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። ጥር 5/2009 ማለት ጃንዋሪ 13/2017 ነው፣ ነርሷ 2009 አይታ ጊዜው አልፏል ይውጣ ብትል አትፍረዱባት፣ ቀይራችሁ ጻፉላት። የመዳቡ፣ ኮፐር ቲ 380ኤ የሚባለው፣ እዚህ ለ10 ዓመት ነው የተፈቀደው። ሉፕ ስትሉ ደግሞ አይገባቸውም፣ አይዩዲ በሉ።

መዳቡ በመጀመሪያዎቹ 3 እስከ 6 ወራት ደም ቢያበዛና ቁርጠት ቢያመጣ ያለ ነው። ከዛ በላይ ከቀጠለ ወይ ማዞር ከመጣ የደም ማነስ አስመርመሩ።

እኔ የተበላሁት ክሩ ላይ ነው። በመጣሁ በስድስተኛው ወር በጣቴ ፈልጌ አጣሁት። ክሊኒክ ወስዶ ያስተረጎመልኝ የአክስቴ ልጅ፣ ወንድ ነው፣ አፍሮ የምለውን ግማሹን ዋጠው። አልትራሳውንድ አዩኝና ማህፀን ውስጥ የለም፣ ከወር አበባ ጋር ወጥቶ ይሆናል ብለው የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ጽፈው ሸኙኝ፣ እኔም ተገላገልኩ አልኩ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ለወገቤ ራጅ ስነሳ ሉፗ በቲ ቅርጿ ሆዴ ውስጥ ነጭ ሆና ቁልጭ ብላ ታየች፣ ማህፀኔን በስታ ወጥታ ኖሯል። በካሜራ ቀዶ ጥገና ነው የወጣችው፣ ቢሉን ባልነግራችሁ ይሻላል። እንዲህ መብሳት የሚደርሰው ከ1000 ሴት 1 ወይ 2 ላይ ነው፣ ክር ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ክሩ ወደ ውስጥ ተስቦ ነው የሚገኘው፣ ግን እናንተ በምን ታውቃላችሁ? ክር ከጠፋ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ፣ እሱ ካላሳየ የሆድ ራጅ። ወድቆ በአይናችሁ ካላያችሁት ወይ ራጁ ባዶ ካልሆነ «ወጥቷል» ቢሏችሁ እሺ ብላችሁ እንዳትወጡ። እስኪጣራ ኮንዶም።

አስተርጓሚ ጠይቁ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ባሌ አለ፣ ጎረቤቴ ትመጣለች ምናምን ተዉ።

ሉፕ እያለ እርግዝና ከታየ በዛኑ ቀን ሂዱ፣ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ይችላል። ባንድ ጎን ከባድ ህመም፣ ራስ መሳት፣ ወይ ትኩሳት ከሚሸት ፈሳሽ ጋር ከመጣ ኢመርጀንሲ ነው፣ ኢንሹራንስ የለሽም ብለው ሳያዩ ሊመልሷችሁ አይችሉም፣ የክፍያው ቢል በኋላ ይመጣል እሱን በኋላ ትጨቃጨቃላችሁ። ከሀገር ቤት በሻንጣ ያመጣችሁትን አሞክሳሲሊን እየዋጡ መቀመጥማ ድፍረት ነው። ኢንፌክሽን ሁሉ ሉፑን አያስወጣም፣ ትክክለኛው መድኃኒት ተሰጥቶ በ2 ወይ 3 ቀን ለውጥ ከሌለ ነው ማውጣት የሚታሰበው። ክሩን ራሳችሁ አትጎትቱ!

ራጁን በሲዲ ተቀበሉ፣ ሌላ ቦታ ስትሄዱ አልደረሰንም ብለው ድጋሚ አንስተው ያስከፍሏችኋል።