«ቅጣቱ ይጠንክር» ከማለታችሁ በፊት

ወንጀልንና ሕግን በኢኮኖሚክስ ዓይን የሚያዩ የተማሪዎቼን የጥናት ረቂቆች ማንበብ ሥራዬ ነው። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ጎበዞችም ናቸው። ግን ርዕሱ ትራፊክ ሆነ ሌብነት፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምክር አንድ ነው፦ ቅጣቱ ይጠንክር። ኧረ በናታችሁ!

ሜክሲኮ አካባቢ ሲመሽ ሰው አስፈራርቶ ስልክ የሚቀማውን ልጅ አስቡት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 670 ለውንብድና ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጧል። ከዚህ በላይ ምን ልትጨምሩ ነው? ልጁ አንቀጽ አይቆጥርም፤ የሚያሰላው «እያዛለሁ ወይስ አልያዝም?» የሚለውን ነው። ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1968 የጻፈው ዋና ነገርም ይኸው ነው፤ የቅጣቱ ክብደት ከመያዝ ዕድሉ ጋር ይባዛል። እስቲ አስሉት። ከመቶ አንዴ ተይዞ 5 ዓመት መታሰርና ከአሥር አንዴ ተይዞ 6 ወር መታሰር በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ለአንድ ቅሚያ ወደ 18 ቀን ይመጣሉ። ግን ቀማኛው ጎረምሳ ነው። ነገን የማያስብ ሰው አምስተኛው የእስር ዓመት ዛሬ አያስፈራውም፣ ከጓደኞቹ መሃል አንዱ በየጊዜው ሲታፈስ ማየት ግን ያስፈራዋል። ቤከር ራሱ «ሌባ መያዝ ገንዘብ ይፈጃል፣ ስለዚህ ቅጣቱን ከፍ ማድረግ ይረክሳል» የሚል ክርክር አለው፤ ተማሪዎቼ እሱን መስመር ይዘው ይሮጣሉ። ክርክሩ በዋናነት ስለ ገንዘብ ቅጣት መሆኑን ማን ያንብብ!

ደግሞ ቀጪውም ሰው ነው። ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ላይ ቅጣቱ እጥፍ ሲሆን የተቆጣጣሪው ደመወዝ ባለበት ከቆመ፣ እጥፍ የሚሆነው «የሻይ» ነው። ሹፌሩም ተቆጣጣሪውም ያተርፋሉ፣ ካዝናው ባዶ ይቀራል። ቤከርና ሌላው ኢኮኖሚስት ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አንስተውታል፤ ረቂቆቻችሁ ውስጥ ግን ሕግ አስከባሪው ሁሌ መልአክ ነው።

ሁሉንም ጥፋት በእኩል ከባድ ቅጣት መምታትም አደጋ አለው። ለቅሚያም ለግድያም ቅጣቱ አንድ ከሆነ፣ ቀማኛው ያየውን ምስክር ለምን በሕይወት ይተወዋል?

ቅጣት ዋጋ ሊሆን እንደሚችል መርሳት ሌላው ነው። እስራኤል፣ ሃይፋ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ላይ የተደረገው ሙከራ የታወቀ ነው። ልጃቸውን ለመውሰድ የሚያረፍዱ ወላጆች ላይ ትንሽ ቅጣት ተጣለ፤ የሚያረፍዱት ወደ እጥፍ ገደማ ጨመሩ። ቅጣቱ ሲነሳም ወደ ድሮው አልተመለሱም። «ከፍለን እናረፍዳለን» አሉ ማለት ነው። መርካቶ በተከለከለ ቦታ ቆሞ ዕቃ የሚያራግፍ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ባለቤቱ ቅጣቱን ከጫኝና አውራጅ ሒሳብ ጋር ይደምረዋል፣ በቃ።

ፖሊስ የበዛበት ሰፈር ወንጀል ስለበዛበት «ፖሊስ ወንጀል ያመጣል» ብሎ የደመደመም አንብቤአለሁ። ፖሊስ የሚላከው ወንጀል ወደበዛበት መሆኑ ተረስቶ! እሱን እንለፈው።

የክልከላን ወጪ አለመቁጠር ግን አይታለፍም። በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ሲታገድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ስንት ዝርፊያ ቀነሰ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚኖረውስ? ዘራፊውስ ሥራውን ተወ ወይስ በእግሩ ቀጠለ? ጥቅሙን ብቻ የጻፈ ረቂቅ ግማሽ ሥራ ነው።

በቤት ኪራይ ላይ ደግሞ ስህተቱ ይገለበጣል። እዚህ የመማሪያ መጽሐፏን የአቅርቦትና ፍላጎት ሥዕል ቀድቶ «የዋጋ ቁጥጥር ቤት ያጠፋል» ብሎ መጨረስ ነው፣ አዋጁ ሳይነበብ! አዋጅ 1320/2016 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን ይላል፤ ጭማሪውም የሚፈቀደው መንግሥት በዓመት አንዴ በሚያወጣው ጣሪያ ልክ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ አስቡ። አከራዩ ወደፊት እንደልቡ መጨመር ካልቻለ፣ ጭማሪውን ገና ከመጀመሪያው ኪራይ ላይ ይጭነዋል? ተከራይስ ይመርጣል? ልጆች ያሏትን እናት ይመልሳል? ይህን ለማወቅ ፒያሳ ወርዳችሁ ሁለት ሦስት ደላላ አነጋግሩ፣ ከዚያ ሥዕሉን ትስላላችሁ።