ውሃው የሚገባው በመስታወቱ፣ ጥፋቱ ግን ከታች፦ ጣራው የሚታጠፍ የድሮ መኪና ሲስተካከል የሚሠሩ ስህተቶች

ጣራው ታጥፎ ሲነዳ ስለ መስታወት የሚያስብ ሰው የለም። አንድ ቀን ይደምናል። ጣራው ይዘጋል፣ መስታወቱ ይወጣል፣ ከዚያ ከፓራብሬዛው ጥግ ጠብ፣ ጠብ፣ ልክ ጉልበት ላይ።

የእነዚህ መኪኖች የበር መስታወት ከላይ ፍሬም የለውም። በሩ ሲከፈት መስታወቱ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ውሃና ነፋስ የሚያግደው መስታወቱ በጣራው ጎን ካለው ጎማ ጋር የሚገጥምበት መስመር ብቻ ነው። ያ መስመር እንዲገጥም ግን ቦዲው፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የፓራብሬዛው ፍሬምና የጣራው ብረት አስቀድመው ልክ መሆን አለባቸው። መስታወቱ የመጨረሻው ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ የምንጀምረው ከእሱ ነው።

ከመስታወቱ መጀመር

የመጀመሪያዬ መኪና የግራ በር መስታወት ከኋላ በኩል ከጎማው ጋር አልደርስ ብሎኝ ነበር። የበሩን የውስጥ ሽፋን አወለቅኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ብሎን ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። አንዱን ጥግ ሳስተካክል ሌላው ይከፈታል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጡ። ካቻቢቴ እንኳ አልያዙም። በሩን ከፈት አድርገው ጫፉን ከታች ይዘው ወደ ላይ አነሱት። ቀጭ አለ።

«ልጄ፣ በሩ ራሱ እየወረደ መስታወቱን ምን አርግ ነው የምትለው?» አሉኝ።

የማጠፊያው ፒን ተበልቶ ነበር።

እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። በሩን ግማሽ ከፍታችሁ ጫፉን አንሱት። ከተነቃነቀ ፒኑና ቡሹ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) ይቀየር። ካልተነቃነቀ በሩን ዝጉና ከኋላው ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች እዩ። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ማጠፊያውም ደህና ከሆነ፣ ቦዲው መሃሉ ላይ ረግቧል ማለት ሊሆን ይችላል። ቋሚ ጣራ የሌለው መኪና ክብደቱን የሚሸከመው በወለሉና ከበሩ ሥር ባለው የላሜራ ሳጥን ነው። ያ ሳጥን ከውስጥ ከዛገ መኪናው እንደ ድሮ አልጋ ይሰረጉዳል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዛገውን ላሜራ ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ ከፊት እስከ ኋላ በብረት ወጥሩት። ሳይወጠር የተቆረጠ ቦዲ ይታጠፋል፣ በሩም ዳግመኛ በወጉ አይዘጋም።

መኪናውን በክሪክ አንስቶ ማስተካከል

ይህ አጭር ነው። በክሪክ ሲነሳ ቦዲው ይጣመማል፣ የበሩ ክፍተትም ይለወጣል። መኪናው በአራት ጎማው፣ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም።

ሸራውን ከብረቱ ማስቀደም

ሸራው ልብስ ነው፣ ብረቱ አጥንት። አጥንቱ ሳይስተካከል አዲስ ሸራ የሚያስወጥር ሰው ብዙ ነው፤ ሸራው ያምራላ። ከዚያ ጣራው ከፓራብሬዛው ጋር አልደርስ ይላል፣ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎበት መቆለፊያው በግድ ይዘጋል። በግድ የተዘጋ መቆለፊያ አንድ ቀን ይሰበራል፣ ወይም የፓራብሬዛውን ፍሬም ይጎትታል። ሸራ የምታስቀይሩ ከሆነ ራቁቱን ብረት ከነጎማው መጀመሪያ ግጠሙ፣ መስታወቱን ወደ እሱ አምጡ፣ ሸራው ከዚያ ይልበስ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ጠበብ ቢል አትደንግጡ። ሞቅ ባለ ቀን ዝጉትና ጥቂት ቀን ሳታጥፉት ይቆይ፤ ይለምዳል። የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በብርድ አትጠፉት፣ ይሰነጠቃል።

ሁሉንም ብሎን አንዴ መፍታት

መስታወቱ ጋ ደረስን። ከመፍታታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ቀለበት) ዙሪያ በማርከር አስምሩ። አንዱን ፈትታችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ አጥብቃችሁ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። አለዚያ የትኛው ምን እንዳበላሸ አይታወቅም።

መስታወቱ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማዘንበል። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። በብዙዎቹ መኪኖች የመስታወቱን ሐዲድ የታችኛውን ጫፍ ወደ ውጭ ስትገፉት የመስታወቱ አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ጎማውን እንዲጫን የምትፈልጉት አናቱን ስለሆነ እጃችሁ የሚሠራው ታች ነው። መስታወቱ ከልኩ በላይ እንዳይወጣ የሚያግደው የከፍታ ማቆሚያ መጨረሻ ላይ ይስተካከል።

ሥራው ከፊት ወደ ኋላ ይሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሠራውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ ብንወስድ ከፊት ያለችው ትንሿ መስታወት ትቀድማለች፣ ትልቁ ይከተላታል። የጀርመኑ የመኪና አካል ሠሪ ካርማን እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 የሠራው ጣራው የሚታጠፍ ቮልስ ቢትል ከኋላም የሚወርድ የጎን መስታወት ስላለው ሥራው አንድ ደረጃ ይጨምራል።

ክፍተትን በወፍራም ጎማ መሙላት

ወፍራም ጎማ ክፍተቱን ይሸፍን ይሆናል፤ በሩን ግን አያዘጋም፣ መስታወቱንም ወደ ውጭ ይገፋል። አዲስ ጎማ በማስቲሽ ከመለጠፉ በፊት ደረቁን ይለካ። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ጎማው ላይ ጠመኔ እቀባለሁ፣ በሩን ዘግቼ እከፍታለሁ፣ መስታወቱ ላይ የቀረውን ነጭ መስመር አነባለሁ። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ውሃ የሚገባበት ነው። ቀጭን ወረቀትም ይሠራል። መሃል አስገብታችሁ ስትስቡት ያዝ እያደረገ ይውጣ። ዝም ብሎ ከወጣ ክፍት ነው፣ ከተቀደደ ደግሞ በጣም ጠብቋል።

ሲሊኮን የሚሞላ ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ስለሱ ባንነጋገር ይሻላል።

በኃይለኛ ውሃ መፈተሽ

የመኪና ማጠቢያ ማሽን ደህናውንም ጎማ ያልፋል። ለስለስ ያለ የቱቦ ውሃ ይበቃል። ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን ስለሚያረጥብ ምንጩ ይጠፋችኋል።

በሩ ውስጥ ውሃ ስታገኙ ግን አትበሳጩ። በመስታወቱ ላይ የሚወርደው ውሃ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ መውጫው በበሩ ሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። እነሱ ከተደፈኑ፣ ወይም ከውስጥ ሽፋኑ ጀርባ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ፣ ውሃው ወደ ምንጣፉ ይዞራል። የኔዎቹን በሽቦ ስጎረጉራቸው አንድ እፍኝ ጭቃ ወጣ። ከዚያ በፊት ጎማውን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ።